ስምንት ዙር

«ከኋላ ያሉት ሴትዮ ደግሞ ማን ናቸው?» ብሎ የጠየቀው የሆስፒታሉ የመሣሪያ ጥገና ኃላፊ ነው።

«እሷማ የወንድሜ ሚስት ናት» አለው ዋርሳዋ። «ቤት ተቀምጣ ብቻዋን ከምትቆዝም ብለን ነው እዚህ ያመጣናት። ጠረጴዛ ታጸዳለች፣ ሽቦ ታቀብለኛለች።»

ሴትዮዋ ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ወዲህ ሆና ሁሉንም ሰማች። ያን ጊዜ ስልሳ አንደኛው ዙር ላይ ነበረች። ከተቃጠለው ትንሽ ትራንስፎርመር ላይ አሮጌውን ሽቦ በግራ እጇ እየፈታች፣ በቀኝ አውራ ጣቷ እያንዳንዱን ዙር እየተቀበለች፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ትቆጥራለች። ቁጥሩ አንዴ ከጠፋ ጠፋ ነው፤ የተፈታ ሽቦ ተመልሶ አይቆጠርም። ስለዚህ ሰማች እንጂ አልተናደደችም። ንዴቱን ለኋላ አቆየችው። ስልሳ ሁለት። ስልሳ ሦስት። ሰማንያ አራት ላይ ሽቦው አለቀ። ቁጥሩን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፈች፣ ሽቦው በየት በኩል ይዞር እንደነበር በቀስት አመለከተች፣ እርሳሱን አስቀመጠች፤ ከዚያ በኋላ ነው ጆሮዋ ድረስ የጋለችው።

ሱቁ አንድ ክፍል ነው። ዋርሳዋ ከሦስት ዓመት በፊት በኮምፔንሳቶ ለሁለት ከፍሎታል። ከፊት በኩል የመስታወት መደርደሪያ፣ ለደንበኛ የሚሆኑ ሁለት ወንበሮችና በፍሬም የተሰቀለ የእሱ የሙያ ምስክር ወረቀት አሉ። ከኋላ መስኮት የሌለው ጥግ፣ የተቃጠለ ቫርኒሽ የሚሸት ጠረጴዛ፣ አንድ አምፖልና እሷ። «ደንበኛ ሥራ ተዝረክርኮ ማየት አይወድም» ነበር ያላት ኮምፔንሳቶውን ያስመታ ዕለት። ሰፈሩ «ኢንጂነሩ» ይለዋል፤ ቅጽል ስሙን ያወጣው ራሱ ነው የሚሉም አሉ። ከሸሚዙ ኪስ ሁለት እስክሪብቶና አንድ ትንሽ ካቻቢቴ አይጠፉም። ጣቶቹ ግን እንደ ባንክ ገንዘብ ከፋይ ጣት የነጹ ናቸው። የእሷ አውራ ጣት ሽቦው በየቀኑ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ቦይ አውጥቷል። ሙያውን ያስተማራት ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ በእነዚህ ሰባት ዓመታት ከዚህ ሱቅ የወጣ ጥቅል ሁሉ በዚያ ቦይ ውስጥ ያለፈ ነው።

ወሬው ከወዲያ ቀጠለ። ኃላፊው ባለፈው ወር የተጠገነለትን ዕቃ ያወድሳል። «ከፋብሪካ የወጣ ነው የሚመስለው። አንዱ ዙር ባንዱ ላይ አልወጣም። የማን እጅ ነው?»

«የኔ ነዋ» አለ ኢንጂነሩ።

ኃላፊው ትናንት ትቶት የሄደው፣ ትንሹ ትራንስፎርመር የወጣበት የኃይል መስጫ ሳጥን የደም መመርመሪያ ማሽኑ አካል ነው፤ ማሽኑ ከቆመ ሁለት ወር አልፎታል፣ በሽተኛው ደሙን ለማስመርመር ከተማውን አቋርጦ ይሄዳል። አዲስ ሳጥን ታዟል ቢባልም መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም። ይህን ሁሉ ካወራ በኋላ ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ኮምፔንሳቶ ግን ዝቅ ያለውንም ያሳልፋል። ሆስፒታሉ የራሱን ወርክሾፕ ሊከፍት ነው። ትራንስፎርመር መጠቅለል የሚችል አንድ ሰው በቋሚነት ይቀጥራል። «ይሄ ሳጥን ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ሠርቶ ከደረሰልኝ ስምህን ይዤ አለቆቼ ዘንድ እገባለሁ። ነገ ምዝገባው ይዘጋል።»

ቋሚ ደመወዝ። የራስ ጠረጴዛ። ምናልባትም መስኮት። ይህን ቦታ ያመጣው የእሷ እጅ ነው፤ ቦታው ግን በመደርደሪያው ላይ ተሻግሮ፣ አጠገቧ እያለፈ፣ ሽቦ ይዞ ለማያውቅ ሰው ሲሰጥ በጆሮዋ ሰማች።

መኪናው ሲሄድ ኢንጂነሩ እጆቹን እያፋተገ ወደ ኋላ ገባ።

«እትዬ፣ ሰማሽ አይደል? በር ተከፈተልን።»

«ሰማሁ። ጠረጴዛ እንደማጸዳም ሰማሁ።»

«ውይ፣ እሱ እኮ እንዲያው ለወሬ ማሟያ ነው። ሰውዬው ጠያቂ ነው። ሴት ናት የምትጠቀልለው ብዬ ብነግረው ዕቃውን ይዞ ይመለስ ነበር።»

«ባለፈው ወር የተመሰገነውን ማን ጠቀለለው?»

«ቤቱ ነዋ» አለ ሳቅ ብሎ። «አንቺና እኔን ምን ይለየናል?»

«ደመወዙ።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። «ወረቀት አለሽ እትዬ? ምስክር ወረቀት? የለሽም። ለእኔ ካልሆነ ለአንቺም አይሆንም፣ ለሌላ ሰው ነው የሚሄደው። ገንዘቡ ሲመጣ የሚመጣው እዚሁ ቤት ነው።» የእጅ ሰዓቱን በጣቱ ሁለቴ መታ መታ አደረገና «አሥር ሰዓት» ብሎ ወጣ። ለወረቀቱ የተማረበትን ሁለት ዓመት ሙሉ ማን ሲያበላው እንደነበር ሁለቱም ያውቃሉ፤ ይህን ግን እሱም አላነሳው፣ እሷም አልተናገረችው። በዚህ ቤት እንዲህ ያለው ነገር አይነገርም፤ እንደ ወጥ ቤት ቢላ የሚገኝበት ቦታ ይታወቃል እንጂ እጅ አይሰደድበትም።

ሥራዋን ቀጠለች፤ ምን ታድርግ? ጥቅል በንዴት አይሠራም። ሽቦው ከፀጉር ትንሽ ወፈር የሚል፣ ቫርኒሽ የተቀባ ነው፤ እጅ ከጠበቀ ቫርኒሹ ይላጣል፣ ከላላ ዙሩ ይንሸራተታል። ስለዚህ ንዴቷን ከእጇ አውጥታ ወደ እግሮቿ ላከችው፤ ከጠረጴዛው ሥር እግሯ ወለሉን እየደበደበ፣ ከጠረጴዛው በላይ ጣቶቿ ጸጥ ብለው ሠሩ። ሽቦውን ካርቶኑ ላይ ያለው ቀስት በሚያሳየው በኩል አዞረች፤ ሃያ አንድ ዙር፣ አንድ ድርብ ቢጫ ስኮች፣ ሌላ ሃያ አንድ፣ ሌላ ስኮች፤ አራት ድርብ፣ ሰማንያ አራት። ከዚያ ወፍራሙን ሽቦ፣ ሁለቱን አጣምራ፣ አምስት ዙር። ባለሙያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፦ ማሽኑ ኃይሉን የሚቀበለው ከእነዚህ ከአምስቱ ነው፣ አንዱ ከጎደለ ማሽኑ ይራባል፣ አንዱ ከተረፈ ይቃጠላል። ጫፎቹን በቢላ ላጠች፣ የመበየጃ ካውያውን አንስታ ሊድ አቅልጣ አለበሰቻቸው። ሲያልቅ የቀረው የመጨረሻው ቀጭን ጥቅል ብቻ ነበር፤ ስምንት ዙር።

ለምሳ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቤት ገባች። አማቷ ድንች እየላጡ ነበር። ሁለት የተቀቀለ እንቁላል በሳህን ላይ ተቀምጧል፤ አንዱ ለልጃቸው፣ አንዱ ለሁለቱ ሴቶች ተከፍሎ።

«እንቁላል አንዱ አሥራ ስምንት ገባ» አሉ አማቷ።

«አሥራ ስምንት?»

«ዶሮዋ ዋጋዋን ብትሰማ ከእኛ ጋር አትውልም ነበር።»

ሁለቱም ትንሽ ሳቁ። አማቷ የድንቹን ልጣጭ ቀጭን አድርገው፣ ሳይቆርጡ፣ አንድ ረጅም ጥብጣብ እያስመሰሉ ያወርዱታል፤ የባሏ እጅ ከማን እንደመጣ ይህን ያየ ይገባዋል። ልጣጩ ሲያልቅ ሳያዩዋት ተናገሩ።

«ነገረኝ። የሆስፒታሉን።»

«እኔም ሰማሁ እማዬ።»

«አታስቀይሚው። አንቺ እጅ አለሽ፣ እሱ አፍ አለው። ሁለታችሁ አንድ ሰው ናችሁ።»

«አንድ ሰው ከሆንን ለምን እኔ ብቻ ይደክመኛል?»

አማቷ ሌላ ድንች አነሱ። «ልጄ ቢኖር እንዲህ ያለ ክርክር አይወድም ነበር።» ልጄ ያሉት ሟቹን ነው። «ልጅዎ ቢኖር አጠገቡ ነበር የምቀመጠው፣ ጠረጴዛውም ከፊት ይሆን ነበር» ልትላቸው አስባ ነበር። በዚህ ፈንታ ግማሽ እንቁላሏን በላች፣ ሳህኑን አጠበች፣ ወጣች። ከቤቱ እስከ ሱቁ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው፤ በእነዚህ አሥር እርምጃዎች ውስጥ ያልመለሰችውን ሁሉ ደግማ በልቧ መለሰች። መከራከር የማይችል የሞተ ሰው እንኳ ለእነሱ ይመሰክራል።

ቀጭኑን ሽቦ አልነካችውም። የተጠቀለለውን ከነሽቦው፣ ከካርቶኑና ትራንስፎርመሩን ከሚያቅፉት ሁለት ጥቁር ግማሾች ጋር አንስታ ወደ ፊት ወጣችና የመስታወቱ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ኢንጂነሩ ስልኩን ይነካካል።

«ስምንት ዙር ቀርቶታል» አለችው።

«እና?»

«እና ጨርሰው። ሌላው አልቋል። ቀስቱም ካርቶኑ ላይ አለልህ።»

«እትዬ፣ ቀልዱን ተይው። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል።»

«አልቀለድኩም። ቦታው ላይ የምትገባው አንተ ነህ፤ እስቲ ስምንቱን እንኳ የራስህ አድርጋቸው።»

አያት። ከዚያ ልክ እንደ ተሰደበ ሰው ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። «በስምንት ዙር ነው የምታስፈራሪኝ?» አለና ሽቦውን አነሳ።

ስምንቱን ጠቀለላቸው። ዙሮቹ እንደ ሰካራም መንገድ ቢወላገዱም ስምንት ነበሩ፣ በቀስቱም በኩል ዞረዋል፤ ይህን በሐቅ መመስከር አለባት። ችግሩ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ጥቅሉ የሚታቀፈው እንደ ሹካ ሦስት ሦስት እግር ባላቸው ሁለት ጥቁር ግማሾች ነው፤ እንደ ድንጋይ የጠነከረ፣ እንደ ሸክላ የሚሰበር ነገር። ሁለቱ ሲጋጠሙ የጎን እግሮቹ ይነካካሉ፣ የመሃለኞቹ ግን አይነካኩም፤ በመካከላቸው የጥፍር ውፍረት የማይሞላ ክፍተት ይቀራል። ፋብሪካው ሆን ብሎ የተወው ነው። ዕቃው ጉልበቱን የሚያጠራቅመው እዚያች ባዶ ቦታ ላይ ነው፤ እሷ ከተዘጋች ኤሌክትሪኩ ልጓም እንደሌለው ፈረስ ይጋልባል። ኢንጂነሩ ግማሾቹን ወደ ብርሃን አንስቶ አጋጠማቸው፣ በመሃል ብርሃን ሲያልፍ አየ፣ ፊቱን ቋጠረ። ደግሞ አጋጠማቸው። ከዚያ ወደ ቤት ገባና የእናቱን የቢላ መሳያ ድንጋይ ይዞ ተመለሰ፤ ውሃ ጠብ አደረገበትና የጎን እግሮቹን ይፈገፍግ ጀመር።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለችው።

«መሃሉ ተበልቷል። አልገጥም ብሏል» አለ ቀና ሳይል። «ሁሉንም እኩል አደርገዋለሁ። አንቺ ይሄን ሳታዪ ነው የምትዘጊው?»

ሰባት ዓመት። ሰባት ዓመት ሙሉ በስሙ ከሚሸጠው ዕቃ አንዱን እንኳ ከፍቶ አላየም ማለት ነው። ጥቁሩ ዱቄት ከውሃው ጋር እየተላቆጠ በንጹሕ ጣቶቹ መካከል ወረደ። አንድ ቃል ብትናገር ያቆም ነበር፤ ቢያንስ ይጠራጠር ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ኮምፔንሳቶውን ተደግፋ ቆማ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ሲፈገፍግ አየችው፤ በመጨረሻ ግማሾቹ ምንም ብርሃን ሳያሳልፉ ሲጋጠሙና እሱ ረክቶ ፈገግ ሲል አየች። ዝም አለች።

ትራንስፎርመሩን የሳጥኑ ቦርድ ላይ በይዶ እንደጨረሰ የሆስፒታሉ መኪና በሩ ላይ ቆመ። ገና ዘጠኝ ተኩል ነው። ኃላፊው ላቡን እየጠረገ ገባ፤ ለሌላ ጉዳይ በዚህ ሲያልፍ «ደርሶ ከሆነ» ብሎ ነው።

«ደርሷል» አለ ኢንጂነሩ።

«እስቲ እዚሁ ሞክረው።»

በዚህ ሱቅ የተጠገነ ዕቃ መጀመሪያ በአምፖል ነው የሚሞከረው፤ አምፖሏ ከግድግዳው ኤሌክትሪክና ከዕቃው መካከል ትገባለች፣ ዕቃው ችግር ካለው እሷ ትበራለች እንጂ ሌላ የሚቃጠል ነገር የለም። እሷ አምፖሏን ከኋላ አምጥታ መደርደሪያው ላይ አኖረችለት። ኢንጂነሩ አምፖሏን በክንዱ ገፋ አደረጋት። «እሱ ለጀማሪ ነው» አለ ለኃላፊው፣ እና ሶኬቱን በቀጥታ ሰካው።

ድምፁ እንደ በር መዝጊያ ነበር። ከቦርዱ ላይ ብልጭታ ወጣ፣ ቀጥሎ ነጭ ጭስ፤ የሱቁ መብራት ጠፋ። አማቷ ከጓሮ «ምንድነው?» እያሉ መጡና በር ላይ ቆሙ። ከዚያ ኢንጂነሩ ዞር ብሎ በእጁ ጠቆማት፤ ጣቱ ላይ ያለው ጥቁር ዱቄት ገና አልደረቀም።

«ነክተሽዋል» አለ። «ስታጸጂ ነክተሽዋል። ስንቴ ነው የምነግርሽ?»

ኃላፊው ወደ እሷ ዞረ። ጠዋት ፊቷን ሳያይ ስለሷ የጠየቀ ሰው አሁን ሲያያት እንዲህ አላት፦ «ወይዘሮ፣ እንዲህ ያለ ነገር እኮ በማያውቁት እጅ አይነካም። በሽተኛ ነው የሚጠብቀን።»

አማቷን ተመለከተች። አማቷ ወለሉን ተመለከቱ።

«ይነሱ» አለችው ዋርሳዋን። ከልጅነቱ ጀምሮ አንተ ስትለው የኖረችውን ሰው ይነሱ ማለቷ ከፍንዳታው ይበልጥ አስደነገጠው መሰለ፣ ተነሳ። በወንበሩ ላይ ተቀመጠች። የሱቁን መብራት መለሰች፣ የተሰነጠቀውን ትራንዚስተርና ከአጠገቡ የጠቆረችውን ሬዚስተር ነቀለች፣ ከአሮጌ ቦርዶች ሳጥን ሌላ አወጣች፤ ፊውዙን ቀየረች። ትራንስፎርመሩን በሙቅ አየር አላልታ ግማሾቹን ለያየች። እጇ ሲሠራ አፏ ቀስ ብሎ፣ ለሌላ ለማንም ሳይሆን ለኃላፊው፣ ይናገራል፦ እዚህ መሃል ላይ ክፍተት ነበር፣ በድንጋይ ተፈግፍጎ ጠፍቷል፣ የተፈገፈገ አይመለስም፤ ግን ከጎኖቹ ሥር ወረቀት ቢገባ ክፍተቱ ይመለሳል። መደርደሪያው ላይ ከተደረደሩት የኢንጂነሩ የአድራሻ ካርዶች አንዱን አነሳች። ወፍራም፣ ጥሩ ወረቀት ነው። በመቀስ ሁለት የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ቁራጮች አወጣችበት፣ በሁለቱ የጎን እግሮች ሥር አስገባች፣ መለኪያዋን አገናኝታ አነበበች፣ አንድ ስስ ወረቀት ጨመረች፣ ደግሞ አነበበች። አሠረችው። አምፖሏን መሃል ላይ አስገብታ ሰካች። አምፖሏ አንድ ጊዜ ብልጭ ብላ ጠፋች፤ የቦርዱ አረንጓዴ መብራት በራ። ከዚያ ያለአምፖል ሰካችው። ያው አረንጓዴ።

ኃላፊው ጎንበስ ብሎ ቁጥሮቹን በራሱ መለኪያ አረጋገጠ። ሁለት ጊዜ። ቀና ሲል ኢንጂነሩን አላየውም።

«ያለፈው ወርም የርስዎ ነበር» አለ። ጥያቄ አልነበረም።

«አዎ።»

«ወረቀት አለዎት?»

«የለኝም።»

ኃላፊው አገጩን አሸ። «እንግዲህ... እሱ በወረቀቱ ቢመዘገብ፣ እርስዎ ደግሞ አብረው ቢመጡ፤ በረዳትነት የሆነ ነገር አይጠፋም።»

«ጥሩ ሐሳብ ነው» አለ ኢንጂነሩ ወዲያው፣ ድምፁ ተመልሶለት።

«ተመስገን» አሉ አማቷ ከበሩ።

«አይሆንም» አለች። ሳጥኑን ዘጋች፣ ብሎኖቹን አጠበቀች፣ በሁለት እጇ አቅፋ ተነሳች። «ማሽኑ ላይ እኔ ነኝ የምገጥመው። አለቆችዎ ቆመው ይዩኝ። ሌላ የተቃጠለ ካላቸው ይስጡኝና እዚያው ልጠቅልል፣ ፈተናዬ እሱ ይሁን። ወረቀት ካልሆነ ካሉም ፊቴን እያዩ ይንገሩኝ።»

«ሱቁንስ?» አሉ አማቷ። የሚሰማቸው አልነበረም፤ ወጥታለች።

ኃላፊው እስከ መኪናው ተከተላት። በሩን ከመክፈቱ በፊት ቆመ፤ ፊቱ ላይ የደረሰበት ነገር ዘግይቶ የገባው ሰው ቁጣ ነበር።

«ሲፈገፍገው እያዩ ነበር?»

«እያየሁ ነበር።»

«እና ዝም አሉ?»

ይህ መልስ ቦታውን ሊያሳጣት እንደሚችል ታውቃለች። መዋሸት ትችል ነበር፤ ወጥ ቤት ነበርኩ ብትል ማንም አያስተባብላትም።

«ዝም አልኩ» አለች። «ይሄ ጥፋቴ ነው፣ ከኔ ይቁጠሩት። ግን ሰባት ዓመት ዝም ስል የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ዛሬ ዝም ስል ፊውዝ ስለተቃጠለ ጠየቁኝ።»

ኃላፊው ጎንበስ ብሎ የፊተኛው ወንበር ላይ የተከመሩትን የማመልከቻ ፋይሎች አንድ ባንድ አነሳና ወደ ኋላ ወንበር አዛወራቸው። ሳጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።